ሐሙስ ግንቦት 23 ለምትመርጡ ወገኖቼ

ደብሊን፣ ግንቦት 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ፦ በአየርላንድ ለምትኖሩና የመምረጥ መብት ላላችሁ አማርኛ ተናጋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ አውሮፓ የበጀት ስምምነት ሕዝበ ውሳኔ

ውድ ወገኖቼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት እናት በየመብራት ምሰሶው ላይ የተሰቀሉትን ወረቀቶች አንስተው «ይሄ እሺ በሉ፣ እምቢ በሉ የሚሉን ስለ ምኑ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን አንዱ «ተዉት እማማ፣ የፈረንጆቹ ጉዳይ ነው» አላቸው። ማንም አልተቃወመውም። እኔም ዝም አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ዝምታዬ እንቅልፍ ነሳኝ። እኚህ እናት ባለፈው ዓመት በደብሊን ካስል አዳራሽ ከእኔ ጋር ቆመው ለዚህች አገር ታማኝ ለመሆን ቃል ገብተዋል። ግንቦት 23 ቀን የሚሰጡት ድምፅ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ድምፅ ጋር እኩል ይቆጠራል። ይህን ሳልነግራቸው በመቅረቴ ነው ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። የካቲት 20 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሄውስተን ባቡር ጣቢያ ታክሲዬን ተራ አሲዤ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ ዶይል በሚባለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተነስተው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ሁሉንም ሲመዝኑት ሕዝቡን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ምክር እንደሰጧቸው ተናገሩ። ከጎኔ የቆሙት አየርላንዳዊ ሹፌሮች መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ይተያዩ ጀመር። ያን ዕለት ድረስ መንግሥት ነገሩን በፓርላማ ብቻ ይጨርሰዋል ተብሎ ነበር የሚወራው። ከሦስት ቀን በኋላ 25 የአውሮፓ አገሮች ስምምነቱን ብራስልስ ላይ ፈረሙ፤ እንግሊዝና ቼክ አልፈርምም አሉ። ከ25ቱ ፈራሚዎች ውስጥ ስምምነቱን ለሕዝብ ድምፅ ያቀረበችው አየርላንድ ብቻ ናት።

ለምን አየርላንድ ብቻ? መልሱ አንድ ሰው ነው። ሬይመንድ ክሮቲ ይባላሉ፤ በኪልኬኒ ገበሬ ነበሩ፣ ኋላ የኢኮኖሚ ምሁር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1986 መንግሥት ለአውሮፓ ማኅበረሰብ ተጨማሪ ሥልጣን የሚሰጥ ስምምነት በፓርላማ ብቻ አጽድቆ ሊያልፍ ሲል «ይህ ሥልጣን የሕዝቡ ነው፣ እናንተ ልትሰጡት አትችሉም» ብለው መንግሥትን ከሰሱ። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ3 ለ 2 ድምፅ ፈረደላቸው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥልጣን የሚያሳልፍ የአውሮፓ ስምምነት ሲመጣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ደግሞ ሕዝቡን መጠየቅ ግድ ሆነ። አንዲት የዳኛ ድምፅ ወደዚያኛው ወገን ብታዘነብል ኖሮ ዛሬ እኛን የሚጠይቀን አልነበረም። እኔ ይህን ታሪክ ያወቅሁት በዚህ ሰሞን ነው፤ ሳውቀው ግን ያ «የፈረንጆቹ ጉዳይ» የሚለው ቃል ይበልጥ አሳፈረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ስምምነቱ የተፈረመበት ማርች 2 በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ነው፤ የአድዋ ድል ቀን። አጋጣሚ ነው፤ ፈራሚዎቹ ይህን አያውቁም። እኛ ግን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ በመገኘቱ ምን እንደመጣ ከልጅነታችን የተማርን ሰዎች ነን። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የተባለው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። የውል ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። ይህ ስምምነት 16 አንቀጽ ነው ያለው። አንድ ምሽት ይበቃዋል፤ ልጆቻችሁ እንግሊዝኛውን ያንብቡላችሁ።

ውስጡ ያለው ዋና ነገር እንዲህ ነው። የአንድ አገር መዋቅራዊ የበጀት ጉድለት ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቱ 0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ዕዳው ከ60 በመቶ በጣም ያነሰ አገር እስከ 1 በመቶ ይፈቀድለታል። ይህ ደንብ በአገሩ ሕግ ውስጥ፣ ቢቻል በሕገ መንግሥቱ፣ በቋሚነት ይጻፋል። ያላስገባ አገር በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተከሶ ከምርቱ እስከ 0.1 በመቶ የሚደርስ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል። ዕዳው ከ60 በመቶ ያለፈ አገር ደግሞ ትርፉን በየዓመቱ አንድ ሃያኛ እየቀነሰ ይሄዳል። ለምሳሌ ዕዳው 120 በመቶ ቢሆን ትርፉ 60 ነው፤ የ60 አንድ ሃያኛ 3 ነውና በዓመት 3 ነጥብ መውረድ አለበት ማለት ነው።

«መዋቅራዊ ጉድለት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ግራ ሲያጋባ አይቻለሁ። ታክሲ የምታሽከረክሩ ግን ነገሩን ታውቁታላችሁ። በፈረንጅ ገና ሰሞን ገቢው ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይደርቃል። በደረቁ ወር ኪሴ ሲጎድል፣ ጉድለቱ የወቅቱ ነው ወይስ እኔ ከአቅሜ በላይ ስለምኖር? የወቅቱን ቀንሰን፣ ገበያው ደህና ሆኖ እንኳ የማይደፈነው ቀዳዳ መዋቅራዊ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ይህን ቀዳዳ ማንም በሜትር አይለካውም። ኢኮኖሚው ደህና ቢሆን ኖሮ ስንት ያመርት ነበር ብሎ መገመት ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ገምተው አንዱ ይህን፣ ሌላው ያን ይላል፤ ግምቱም ከዓመት በኋላ ይታረማል። በዶይል ክርክር ላይ ይህን ነጥብ የነኩ ነበሩ፤ የረባ መልስ ሲሰጥበት ግን አልሰማሁም።

ስለ ክርክሩ ካነሳሁ አይቀር፣ በሚያዝያ ወር የሕገ መንግሥት ማሻሻያው ረቂቅ ሲቀርብ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ በኢንተርኔት ተከታትዬዋለሁ። ስሙ ራሱ መከራከሪያ ሆኗል። መንግሥት «የመረጋጋት ስምምነት» ይለዋል፤ ተቃዋሚዎቹ «የቀበቶ ማጥበቂያ ስምምነት» ይሉታል። ዶይል 166 መቀመጫ አለው። በ2011 ምርጫ ፊነ ጌል 76፣ ሌበር 37፣ ፊያና ፎይል 20 አሸንፈዋል። ሦስቱም «እሺ በሉ» የሚሉ ናቸው። ሲደመር 133፣ ከአምስት እጅ አራቱ መሆኑ ነው። «እምቢ» የሚሉት ሺን ፌን፣ የግራ ኅብረቱ እነ ጆ ሂጊንስና አንዳንድ የግል ተመራጮች ናቸው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ክርክሩ እርስ በርስ ለመተማመን የሚደረግ አይመስልም ነበር። አንዱ ተነስቶ የተዘጋጀበትን ያነባል፣ ሌላው ተነስቶ የራሱን ያነባል።

ከሁሉ ልቤን የነካው የኤመን ኦ ኩዊቭ ነገር ነው። የፊያና ፎይል ምክትል መሪ ነበሩ፤ ፓርቲያቸው «እሺ» ሲል አልስማማም በማለታቸው ቦታቸውን አጡ። የኤመን ደ ቫሌራ የልጅ ልጅ ናቸው። ይህ አሁን የምናሻሽለው የ1937 ሕገ መንግሥት የተረቀቀው በአያታቸው መሪነት ነው። በሐሳባቸው ተስማማን አልተስማማን፣ ላመኑበት ነገር ሥልጣን የለቀቀ ሰው ማየት በዚህ ክርክር ውስጥ ካገኘኋቸው ጥቂት ክቡር ነገሮች አንዱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን በቴሌቪዥን ቀርበው ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች ጋር ለመከራከር ፈቃደኛ አልሆኑም። ሕዝብን ጥያቄ የሚጠይቅ መሪ ሕዝብ ፊት ቀርቦ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ አዝኛለሁ።

አሁን ወደ ዋናው እሾህ ልምጣ። አውሮፓውያን ኢኤስኤም የሚሉት አዲስ የመታደጊያ ቋት እያቋቋሙ ነው፤ እስከ 500 ቢሊዮን ዩሮ ማበደር የሚችል። በእኛ ቋንቋ የአገሮች እድር በሉት። አየርላንድም አባል ናት፤ ከ11 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ዋስ ትገባለች፣ ከዚህም ወደ 1.3 ቢሊዮኑን በጥሬው ትከፍላለች። ታዲያ በእድሩ መተዳደሪያ መግቢያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቷል፤ ከማርች 2013 ጀምሮ ይህን የበጀት ስምምነት ያላጸደቀ አገር ከቋቱ አዲስ ብድር አያገኝም። ዛሬ አየርላንድን የያዛት የ2010ሩ ብድር፣ 67.5 ቢሊዮን ከውጭ 17.5 ቢሊዮን ከራሷ፣ በድምሩ 85 ቢሊዮን ዩሮ፣ የሚያበቃው በ2013 መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው ካላበደራት ወዴት ትሄዳለች? የ«እሺ» ወገን ዋና ክርክር ይሄ ነው፤ ቀላል ክርክርም አይደለም።

እኔ ግን እድርን አውቃለሁ። አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበሩ። መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል፤ ደንብ የጣሰ ይገሠጻል። መዋጮውን የሚከፍልን ሰው ግን «ቤትህን እኛ እንዳልንህ አድርገህ እስከ ልጅ ልጅህ ካላስተዳደርክ ለቀብርህ አንወጣም» ያለ እድር ሰምቼ አላውቅም። በፓርላማ ተቃዋሚዎቹ ይህን የማስፈራሪያ አንቀጽ ብለውታል፤ ቃሉ ከባድ ነው፣ ነገር ግን ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ሕዝብ «ይህ ደንብ ይጠቅመኛል ወይ?» ተብሎ በነጻነት እንዲያስብ ከተፈለገ ጥያቄው ላይ የብድር መከልከል አይታሰርበትም።

ደንቡስ ይጠቅማል ወይ? እዚህ ላይ የማውቀውን እውነት ልንገራችሁ። በ2007፣ ቀውሱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የአየርላንድ መንግሥት ዕዳ ከምርቱ ወደ 25 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጀቱ ትርፍ ነበረው። ይህ አዲስ ደንብ ያኔ ቢኖር ኖሮ አየርላንድን በምስጉን ተማሪነት ነበር የሚያስቀምጣት። አገሪቱን የጣላት የባንኮቹና የቤት ግንባታው ብድር ነው። በሴፕቴምበር 2008 መጨረሻ፣ በአንዲት ሌሊት፣ ሚኒስትሮች በስልክ እየተጠሩ መንግሥት የባንኮቹን ወደ 440 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ዕዳ ዋስ ሆነ። የአንግሎ አይሪሽ ባንክና የመሰሎቹ ጉድጓድ ብቻ ወደ 31 ቢሊዮን የሚጠጋ የመንግሥት የዕዳ ሰነድ በላ፤ በየዓመቱ ማርች 31 ላይ 3.1 ቢሊዮን የሚከፈልበት። ዛሬ ዕዳው ከምርቱ 100 በመቶ አልፏል። ያን ሌሊት ማን ጠየቀን? በሌላ በኩል የበጀት ጉድለት ከምርቱ 3 በመቶ አይለፍ የሚለው የድሮ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመንና በፈረንሳይ ሲጣስ የአውሮፓ ገንዘብ ሚኒስትሮች ቅጣቱን አቆሙት። ደንብ ለትልቁ የሚላላ ለትንሹ የሚጠብቅ ሲሆን ያየ ሰው በቀላሉ አያምንም።

ከመካከላችሁ ዕድሜያችሁ የገፋ ታስታውሳላችሁ። በ1985 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ «መዋቅራዊ ማስተካከያ» የሚል ቃል በሬዲዮ ስንሰማ፣ የጠየቀን አልነበረም። ዘይት ተወደደ፣ ስኳር ተወደደ፣ ቻልነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሌሊት ተነስቶ ለመምረጥ ሲሰለፍ ከፊቱ የነበረውን ሰልፍ ርዝመት በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚህ የምርጫ ጣቢያው ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሰልፍ የለም፤ የሚያየኝ የለም።

ባለቤቴ በዚህ ከእኔ ጋር አትስማማም፤ ሐሳቧን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። በሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ደመወዟን የሚከፍለው መንግሥት ነው። «አንተ ስለ ክብር ትናገራለህ፣ እኔ ስለ ወር መጨረሻ አስባለሁ» ትለኛለች። መንግሥት ዛሬም ከሚያስገባው በላይ ያወጣል፤ ባለፈው ዓመት ጉድለቱ ከምርቱ ወደ 13 በመቶ ነበር። አበዳሪ ጠፍቶ ይህን በአንድ ዓመት ዝጉ ቢባል የሚዘጋው በዋርዱ፣ በነርሷ፣ በልጆች ድጎማ ነው። ደግሞም፣ ትላለች፣ አብዛኛው ደንብ ባለፈው ዓመት በወጡት ስድስት የአውሮፓ ሕጎች ውስጥ አለ፤ የዕዳው አንድ ሃያኛም እዚያ አለ፤ እምቢ ብንልም አይጠፋም። ይህ እውነት ነው። ስምምነቱም 12 የዩሮ አገሮች ካጸደቁት ያለ እኛ ሥራ ይጀምራል። በቀደሙት የአውሮፓ ኅብረት ስምምነቶች፣ በኒስ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2001፣ በሊዝበን ስምምነት በ2008 አየርላንድ እምቢ ስትል ሁሉም ቆሞ ጠበቃት፤ ሁለቱንም ጊዜ በድጋሚ ተጠይቃ እሺ አለች። አሁን የሚጠብቃት የለም፤ መንግሥትም ድጋሚ ምርጫ አይኖርም ብሏል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ አስቤ፣ እኔ «እምቢ» ብዬ እመርጣለሁ። ከዩሮ መውጣት ፈልጌ አይደለም፤ ጥያቄው ላይም ይህ አልተጻፈም፤ «ወይ እሺ ወይ ከዩሮ ውጡ» የሚሏችሁን አትስሙ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ የሚመጣው መንግሥት በክፉ ዓመት ለሥራ አጡ ምን ያህል ማውጣት እንዳለበት የሚወስነው ግምት እዚህ ተመርጦ እዚህ የሚጠየቅ ሰው ግምት እንዲሆን እፈልጋለሁ። በፈረንሳይ ትናንት ሥልጣን የተረከቡት ፍራንሷ ኦላንድ ስለ ዕድገት ያልተጻፈበት ስምምነት እንዳለ አይጸድቅም ብለው ነው የተመረጡት፤ ስለዚህ በአውሮፓ ብቻችንን የምናጉረመርም አይደለንም። «እሺ» ለምትሉ ግን ቅር አልሰኝም። ያስከፋኝ ያ በቡናው ላይ የተባለው ቃል ነው። በዚህ ዓመት 100 ዩሮ የቤት ግብር መጥቶብናል፣ የሽያጭ ግብሩ 23 በመቶ ገብቷል። ስንከፍል የእኛ ነው፣ ስንጠየቅ የፈረንጆቹ ነው ማለት እንዴት ይሆናል? ዜግነት ገና ያላገኙ ወንድሞችና እህቶቻችን በአካባቢ ምርጫ እንጂ በዚህ ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ ኑሯቸው ግን በውጤቱ ይነካል። የእኛ ጥቂቶች ድምፅ የእነርሱንም ይሸከማል።

ስለ አመራረጡ ጥቂት ልበል። ሐሙስ ግንቦት 23፣ በፈረንጅ ሜይ 31 ነው። ጣቢያዎች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ናቸው፤ ስለዚህ የቀን ሥራ ያላችሁም የሌሊት ሥራ ያላችሁም ትደርሳላችሁ። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያዙ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን ታገኛላችሁ፤ «ታ» ማለት እሺ፣ «ኒል» ማለት እምቢ ነው፤ በአየርላንድኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። በሌላ ምርጫ እንደለመድነው 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቁጥር አትጻፉ፤ በመረጣችሁት ሳጥን ውስጥ የኤክስ ምልክት ብቻ አድርጉ። በዳኛ ኬቪን ፊኒ የሚመራው የሕዝበ ውሳኔ ኮሚሽን ያዘጋጀው መጽሔት ወደየቤቱ ይላካል፤ ኮሚሽኑ ወገን የለውም፤ መጽሔቱን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብራችሁ አትጣሉት።

በሚቀጥለው እሑድም ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቡና ላይ እገኛለሁ፤ 16ቱን አንቀጽ በአማርኛ እያብራራሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አብሬ አነባለሁ። ባለቤቴም ትመጣለች፤ የእርሷን ወገን እርሷ ትናገር። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የታክሲዬን መብራት አጥፍቼ እስከ ማታ ለዚሁ እውላለሁ፤ እግራቸው የሚያማቸው፣ ጣቢያቸው የሚርቅባቸው ሁሉ ይንገሩኝ፣ አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ምን እንደመረጡ አልጠይቅም። እኚያን እናት ቀድሜ አነጋግሬያቸዋለሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከቤታቸው እወስዳቸዋለሁ።

አክባሪ ወንድማችሁ፣
በደብሊን የታክሲ ሹፌር